የአያቴ ጉልበት

በዘመዶቼ ዘንድ ዕረፍት መውጣትን የጀመረው አጎቴ ነው ይባላል። ባዩም ራሱ አጎቴ ነው። ከአሜሪካ በመጣ ቁጥር ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ቤት ይከራያል፤ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአዲስ አበባ የተሰበሰብነውን በየክፍሉ ይደለድላል፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «እኔ ባልኖር ይህ ዘመድ ከለቅሶና ከሠርግ በቀር የት ይገናኝ ነበር?» ይላል። በጉን የገዛው እሱ ስለሆነ የሚከራከረው አይገኝም።

እኔ ግን የነገሩን ምንጭ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድሁ። ውሃ ዳር ማረፍ ቀድሞ የነገሥታት ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ባሕር ዳርም ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ዓባይን ቁልቁል የሚያይ ሌላ። በኋላ በቀለ ሞላ ላንጋኖ ላይ ሆቴል ሠርተው፣ ገንዘብ ያለውን የከተማ ሰው ከሐይቁ ጋር አስተዋወቁት። የእኛ የዘር ሐረግ ግን በዚያ አያልፍም። ከቡሬ ተነሥቶ፣ በጥልሊ አድርጎ ወደ ሰከላ ይታጠፋል።

አያቴ ጉልበቷን ያማት ነበር። ሕመሙ ግን ወር ለይቶ ነው የሚመጣ። በሐምሌ አረም ደኅና ናት፤ በኅዳር አጨዳም ደኅና ናት። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ጥር ሲብት፣ ያን ጊዜ ይነሣባታል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፣ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጠበል፤ ጥር 13 የጻድቁ በዓል ነዋ!

አያቴ ብቻዋን ታማ አታውቅም። እኅቶቿም፣ ምራቶቿም፣ ጎረቤቷም በዚያው ሰሞን አንዳንድ ነገር ያማቸዋል። በሶው ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፣ ጀሪካኑ ይታጠባል። ከጠበሉ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ራስና እግር ሆነው ይተኛሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ጠበል፤ ከዚያ ፀሐይ መሞቅ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ወሬ። ሱባዔው እስኪያልቅ እንጀራ መጋገር የለ፣ ውሃ መቅዳት የለ፣ «ምሳ ደረሰ ወይ?» ባይ የለ። «ደከመኝ፣ ልረፍ» ብትል ኖሮ አያቴ ወንድዬው ምን እንደሚላት አውቃለሁ። «ጠበል ልግባ» ስትለው ግን በቅሎዋን ራሱ ይጭንላታል። ከጻድቅ ጋር ማን ይጣላል?

ከግሽ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል። ዛሬ በባሕር ዳር ሎጅ መስኮት ከፍሎ ጣናን የሚያይ ሁሉ፣ ከሚያየው ውሃ ጥቂቱ የአያቴ ትራፊ መሆኑን ይወቅ።

«መጀመሪያ እኔ ነኝ» ማለትም ለግሽ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ደርሶ፣ እንደ አገሬው ልማድ ጫማውን አውልቆ ወደ ምንጩ ሮጠ፤ ከውሃው ቀድቶም ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ጠጣ። እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1610 ዓ.ም. ቀድሞት አይቶታል። ብሩስ ግን ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ እስከ መጨረሻው ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። አገሬው ሁለቱም ሲመጡ እዚያው ነበር፤ ስለ ቀዳሚነት የጠየቀው ሰው ስለሌለ አልተከራከረም።

ይህን ሁሉ ማስረጃ ባቦጋያ በረንዳ ላይ ዘረዘርሁ። አጎቴ አልተቀበለም፤ ፍርዱን ለእናቱ፣ ለአያቴ ሰጠ።

«እምዬ፣ እስቲ ፍረጅ! የኔ ይሻላል የግሽ?»

«ያንተማ ምን ይወጣለታል፤ አልጋው ብቻ ቤት ያህላል። ግን ልጄ፣ ሳልታመም እንዲህ ተጎልቼ ስበላ ሰው ምን ይለኛል?»

ሁላችንም ሳቅን። አጎቴ ግን ዘግየት ብሎ ነው የሳቀው። ማታ ሚስቱ ነገረችን፤ ለካ የዘንድሮውን ፈቃድ ከአለቃው ያገኘው «እናቴን ጉልበቷን አሟታል» ብሎ ኖሯል።