የውሃ መብራትና የከሰል ጢስ

ከገላን ኮንዶሚኒየም ብዙ ሳይርቅ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ ከኖረ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ኃይል መስጠት ጀመረ። ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

ከውሃ የሚገኝ መብራት ጢስ የለውም። ይሁን እንጂ መብራት በጠፋ ቁጥር በየፎቁ ከሰል ሲቀጣጠል እናያለን። ለከሰሉ የተቆረጠው ዛፍ ካርቦን መሳቡን ያቆማል፤ በውስጡ ያከማቸውም ሲነድ ወደ አየር ይመለሳል። ይባስ ብሎ በተዘጋ ማድ ቤት ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ ስለሌለው የተኙትን ሕፃናት ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ግድቡ ከተሠራ ዘንድ የቀረው የሽቦና የትራንስፎርመር ነገር ነውና ባለሥልጣኖች ይህን እንዲያስቡበት እንለምናለን። እመቤቶችም መብራት ሳለ አስቀድመው ይጋግሩ፤ ከሰል ግድ ከሆነባቸውም ምድጃውን በረንዳ ላይ ያውጡት፥ ፍሙ ፈጽሞ ሳይጠፋም ወደ ቤት አያግቡት።