የሁለት አረፋ ወግ

ነገሩ የጀመረው ከተረፈ ቢራ ነው። የእህቴ ልጅ መልስ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል ስድስት ጠርሙስ ቢራ እኛ ቤት ቀረ። ከቤታችን ቢራ የሚጠጣ የለም። ጠርሙሶቹ ከበሩ ጀርባ ቆመው፣ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር በእግሬ ስገጫቸው ሁለት ወር ሞላቸው። አንድ ቀን አንድ ወዳጄ አያቸውና «ለምን ሳሙና አትሠራባቸውም?» አለኝ። ፈረንጆች በቢራ የተሠራ የእጅ ሳሙና በውድ ዋጋ እንደሚሸጡ፣ ለቆዳም ይስማማል እንደሚሉ አጫወተኝ። እኔም ሰው ያልጠጣውን ገላዬ ይጠጣው ብዬ ተነሳሁ።

አክስቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እሳቸው ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ እኛ የጋን እጣቢ ስንደፋ ኖረን አንተ ልትታጠብበት ነው?» አሉ፤ ቀጥለውም «ለማያውቅሽ ታጠኚ» ብለው ተረቱብኝ።

የሳሙና አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። ስብ ወይም ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሃድ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል። ልኩ ግን ቀልድ አያውቅም። ለ500 ግራም የበሬ ሞራ 70 ግራም ገደማ ሶዳ ይበቃል። ሠሪዎች ከዚያ ላይ አምስት በመቶ ያህል ቀንሰው ጥቂት ስብ እንዲተርፍ ያደርጋሉ፤ የተረፈ ስብ ቆዳ ያለሰልሳል፣ የተረፈ ሶዳ ግን ቆዳ ይበላል። ሶዳው የሚሟሟው በውሃ ነው። የቢራ ሳሙና ምሥጢርም ይኸው ነው፤ በውሃው ፈንታ ቢራ መጠቀም።

እኔም ቢራውን በፕላስቲክ ጆግ ገልብጬ፣ በሚዛን የለካሁትን ሶዳ እፍኙን ባንድ ጊዜ ጨመርኩበት። ያልገባኝ ነገር ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሶዳ ፈሳሽ ሲነካ ያለ እሳት ራሱን ያፈላል። ሁለተኛው፣ ቢራ ሆዱ ውስጥ የታመቀ ጋዝ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ጆጉ ገነፈለ፤ አረፋው ጠረጴዛውን አልፎ በረንዳው ላይ ፈሰሰ። ጓንትና መነጽር ማድረጌ በጀኝ እንጂ ይህን ወግ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ሽታው ደግሞ ያደረ ጉሽና የተቃጠለ ላባ አንድ ላይ። አክስቴ በመስኮት ብቅ ብለው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። እኔ ግን መልቀም እንኳ አልቻልኩም፤ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሲሚንቶውን በብዙ ውሃ ሳጥብ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ጣጣ መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው?

ስለ ሳሙና አመጣጥ በብዙ ቦታ የሚነገር ተረት አለ። ሮም አጠገብ ሳፖ የሚባል ተራራ ነበር ይላል። እዚያ ለአማልክት እንስሳ ይታረዳል፣ ይቃጠላል፤ ሞራውና አመዱ በዝናብ ታጥቦ ቲቤር ወንዝ ይወርዳል፤ ከታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ልብሳቸው ሳይለፉ ሲነጣ አይተው ተገረሙ። ያምራል። ችግሩ ተራራው አለመኖሩ ነው፤ በዚህ ስም የታወቀ ተራራ ሮም አጠገብ የለም።

ያለው መጽሐፍ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው «የተፈጥሮ ታሪክ» 37 መጻሕፍት አሉት። በ28ኛው ስለ ሳሙና ሲያነሳ «ሳፖ» ይለዋል፤ የእኛው «ሳሙና» እና የዐረቦቹ «ሳቡን» ዘመድ መሆኑ ነው። የፈጠሩት ጎሎች ናቸው ይላል፤ ዛሬ ፈረንሳይ በምንለው አገር ይኖሩ የነበሩት። የሚሠሩት ከሞራና ከአመድ ነው፤ የሚሻለውም የፍየል ሞራ ነው። ለምን ይጠቅማል ቢባል መልሱ ያስቃል፤ ጸጉር ለማቅላት! በጀርመኖች ዘንድ ደግሞ ከሴቶቹ ይልቅ የሚያዘወትሩት ወንዶቹ እንደሆኑ ጨምሮ ያማቸዋል። ሮማውያን ራሳቸው ገላቸውን ዘይት ተቀብተው፣ በብረት መፋቂያ ፍቀው ነበር የሚያጸዱት። እንግዲህ ሳሙና ወደ ፕሊኒ መጽሐፍ የገባው እድፍ ሊያስለቅቅ ሳይሆን ጌጥ ሆኖ ነው። እናቶቻችን ቅቤ አናታቸው ላይ ሲያደርጉ የሚስቅ ፈረንጅ ካለ፣ አያቶቹ ሞራና አመድ ያደርጉ እንደነበር ይነገረው።

የደነቀኝ ግን ወደ ኋላ ተመልሼ 22ኛውን መጽሐፍ ሳገኝ ነው። ፕሊኒ እዚያ ከእህል ስለሚጠመቁ መጠጦች ያወራል። የግብፅን፣ የስፔንን፣ የእነዚያኑ የጎሎችን ጠርቶ፣ የሁሉም አረፋ ለሴቶች የፊት ቆዳ ይስማማል ይላል። በ18ኛው መጽሐፍ ደግሞ ጎሎች ይህንኑ አረፋ እርሾ ስለሚያደርጉት ዳቧቸው ከሌላው ቀለል ያለ ነው ይላል። ስለዚህ ወዳጄ አዲስ ብሎ የነገረኝ የቢራና የቆዳ ዝምድና ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ሊጠጋው ነው። አንድ ሕዝብ ባንድ እጁ ሳሙና፣ በሌላ እጁ ቢራ ይዟል፤ አንድ ጸሐፊ ሁለቱንም መዝግቧል፤ ሆኖም አንዱን ከሌላው ጋር ልቀላቅል አላለም። ምናልባት በረንዳ ነበራቸው። ፕሊኒ እንኳ በ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪየስ ተራራ ሲፈነዳ ስለሞተ አይጠየቅም።

አመዱን ከሳሙና ሥራ ያፈናቀለው ኒኮላ ለብላን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1791 እ.ኤ.አ. ከገበታ ጨው የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ማውጣት የሚቻልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል፤ በሳሙና ታሪክ ግን የሳቀው ዱቄቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፈትኩ። አሁን ግን በወጉ ነው። መጀመሪያ ቢራው ግማሹ እስኪቀር ይፈላል። ጋዙ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ከመገንፈሉም በላይ ሶዳውን ወደ ልብስ ማጠቢያ ሶዳ እየለወጠ ልኩን ያዛባል። አልኮሉም መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ድብልቁ ቅርጽ ሳይዝ በድንገት ይደርቃል። ከዚያ ቢራው ፍሪጅ አድሮ በደንብ ይቀዘቅዛል። ሶዳው በቢራው ላይ ጥቂት በጥቂት ይነሰነሳል እንጂ ቢራው በሶዳው ላይ አይፈስም። የአሉሚኒየም ድስት አይነካም፤ ሶዳ አሉሚኒየም ይበላል። ሶዳው ሲሟሟ ድብልቁን የቀለጠው ሞራ ላይ ጨምሬ እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን አማሰልኩት። ላስቲክ ባነጠፍኩበት የጫማ ካርቶን ገልብጬ አሳደርኩት፤ በማግስቱ ቆርጬ ስድስት ሳምንት ንፋስ ላይ ሰቀልኩት።

በነዚያ ስድስት ሳምንታት ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ጋዙን አፈላሁት፤ አረፋው ከሱ ጋር ሄደ። አልኮሉን አተነንኩት። መዓዛውን ሶዳው በላው። ፕሊኒ ያመሰገነው አረፋ አንዲት ጠብታ አልቀረችም። ከቢራው የቀረኝ የብቅል ስኳርና ቡናማ መልክ ነው። ስኳር ሳሙናን አረፋ እንዲያበዛ ስለሚረዳ ጨርሶ ከንቱ አልነበረም፤ ግን ለዚህ ለዚህ አንድ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጨመር ይቻል ነበር። የቀረው ስሙ ነው። ፈረንጅ በውድ የሚሸጠውም ይህንኑ ስም ይመስለኛል።

ለአክስቴ አንድ ቁራጭ ወስጄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አሸተቱት። «ታዲያ ቢራው የታለ?» አሉ። የሄደበትን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰምተው «እንዶድ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ፍሬውን ትወቅጣለህ፣ ውሃ ታደርጋለህ፣ አረፋ ያወጣል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንዶድ አረፋ የሚያወጣበት ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል፤ ስሙ ከዚያው ከፕሊኒ «ሳፖ» የመጣ ነው። ያውም እንዶድ ከማጠብ ያለፈ ሥራ ሠርቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ምርምሩ ቀጥሎ በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ነጠላ ከሚያነጣ አረፋ ሽልማት ወጣ፤ ከእኔ አረፋ የወጣው በረንዳ ላይ የቀረ ነጭ ምልክት ነው።

ያም ሆኖ ሳሙናው ያጥባል። አክስቴም ከሳምንት በኋላ «ደህና ነው፣ ሌላ ካለህ አምጣ» ብለዋል፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። አራቱ ጠርሙስ ግን አሁንም ከበሩ ጀርባ ቆመዋል። ሳሙና መሥራት ያሰበ አንባቢ ካለ በውሃ ይሥራ። ቢራ የሚጠጣ ካለ ደግሞ ይምጣና ይውሰድልኝ።