ከቢሾፍቱ ሐይቅ እስከ አዳማ

ወጥቶ ሀገርን ማየት ለሰው ልጅ ከመጽሐፍ የማያንስ ትምህርት እንደ ሆነ ሁላችንም እንናገራለን። ነገር ግን አብዛኞቻችን ይህን ትምህርት የምናገኘው ብቻችንን ለሥራ ስንላክ ነው እንጂ፥ ከእናት፥ ከሚስትና ከልጆች ጋራ ሆነን አይደለም። ባለፈው ነሐሴ፥ ፍርድ ቤት ለዕረፍት በተዘጋበት ወራት፥ ቤተ ሰቤን ይዤ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ ሄጄ ነበር። በዚያ ያየሁትን መልካም ነገርና ልፈጽመው የነበረውን ስሕተት ሳልደብቅ ብጽፍ፥ ለሌላው አባወራ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

የመንገዳችን ምክንያት እናቴ ናቸው። እናቴ የአድአ ተወላጅ ሲሆኑ፥ በልጅነታቸው የአባታቸውን ከብት ወደ ሆራ እየነዱ ያጠጡ ነበር። ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚወደው ጨዋማ ውሃ ማለት ነው። ባል ካገቡ በኋላ ወደ ጉለሌ መጥተው፥ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ስም ዊንጌት ተብሎ በሚጠራው ሠፈር ከኖሩ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዘንድሮ ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ እንደ ጋረደው ነገራቸው፤ በቀዶ ሕክምና ሊድን እንደሚችልም አስረዳቸው። እርሳቸው ግን፥ «አስቀድሜ ያን ውሃ ልየው፤ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር እንደ ወደደ ያድርግ» አሉ። ሦስቱ ልጆቼም በሥዕል ያዩትን የሐይቅ ዳር መዝናኛ ካላሳየኸን ብለው ያስጨንቁኝ ነበርና፥ ሁለቱን ልመና በአንድ መንገድ ለመፈጸም ቈረጥሁ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፥ እናቴ ከዋዜማው የደፉትን ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው፥ ስድስት ሆነን በማለዳ ከዊንጌት ተነሣን። ከቃሊቲ መናኸሪያ በአውቶቡስ ተሳፍረን ዱከምን ካለፍን በኋላ፥ በነጭ ጤፉ የታወቀው የአድአ ሜዳ ለምልሞ ታየ። በስተ ግራችን የረር፥ በስተ ቀኛችን በሩቁ ዝቋላ ይታያል። በዝቋላ ራስ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምና ሐይቅ አለ። እናቴ፥ «ዝቋላ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ራሳቸውን በእጄ ይዤ ወደ ቀኝ አዞርሁላቸው፤ እርሳቸውም አማትበው ተሳለሙ። ነገር ግን የተሳለሙት ተራራውን ይሁን ደመናውን ለማወቅ አልቻልሁም።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቢሾፍቱ፥ ሆራ፥ ባቦጋያና ኩሪፍቱ የሚባሉት ሐይቆች በዙሪያዋ ይገኛሉ። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ የተፈጠሩት በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ምድርን ሰንጥቆ በፈነዳ ጊዜ ነው፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶበት ሐይቅ ሆነ። ስለዚህ ዳሩ ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ሳይሆን ድንገት ገደል የሚሆን ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር እንደ ሆነ የለኩት ሊቃውንት መስክረዋል፤ ይህም የሃያ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ያህላል ማለት ነው። ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

የሐይቁን አየር ታላላቆች ከወደዱት ቈይቷል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ የሐይቅ ዳር መኖሪያ ነበራቸው፤ ስሙንም በስደት ዘመናቸው በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ በኖሩበት ቤት ስም ፌርፊልድ አሉት። ከተማዪቱም በዚያ ዘመን ደብረ ዘይት ተባለች፤ ጎረቤቷ አዳማም እንዲሁ ናዝሬት ተብላ ነበር። ሁለቱም በኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። በዛሬው ጊዜ በሐይቆቹ ከንፈር ላይ ያማሩ ሆቴሎችና መዝናኛዎች ተሠርተው፥ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነዋል።

እኛም ከነዚህ ወደ አንዱ በጋሪ ሄድን። ለአንድ ሰው የተጠየቀው ዋጋ ምሳውን ጨምሮ ለስድስት ሲባዛ፥ የወር ደመወዜን ግማሽ የሚያህል ሆነ። ዘበኛውም የእናቴን ጥቅል አይቶ፥ «እማማ፥ ምግብ ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ዳቦውን እዚህ ይተውት» አላቸው። እናቴም መልሰው፥ «ልጄ፥ ውሃ ለማየት ዳቦ ይጣላል እንዴ?» አሉት። ዘበኛው የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነውና አፍሮ ዝም አለ።

እውነቱን ለመናገር፥ በቀኝ ኪሴ ያለው ገንዘብ አልበቃኝም። በግራ ኪሴ ግን ለመስከረም የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ የተቀመጠ ነበረ፤ መንገዳችን በመርካቶ በኩል ስለ ነበረ ስንመለስ ልንገዛ አስበን ይዘነው መጥተናል። የመሥሪያ ቤት ባልንጀራዬ ከቤተ ሰቡ ጋራ በሐይቁ ዳር የተነሣውን ፎቶግራፍ አሳይቶኝ ነበርና፥ ከእርሱ ላለማነስ ብዬ እጄን ወደ ግራ ኪሴ ሰደድሁ። ባለቤቴ ይህን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ደብተሩም አብሮ ይዋኛል ወይ?» አለችኝ። ተቈጣሁ፤ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ልላትም ቃጣሁ። ነገር ግን ትልቋ ልጄ እጄን ስትመለከት አየኋትና፥ ባዶ እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ትንሹ ልጄ ማልቀስ ጀመረ።

እኛን ያመጣን ጋሪ ነጂ ገና አልሄደም ነበር። ነገራችንን ሰምቶ ኖሮ፥ «ጌታዬ፥ እማማ የሚፈልጉት ሆራን ማየት ብቻ ከሆነ፥ እኔ ሕዝብ በሚወርድበት በኩል አደርሳችኋለሁ» አለን። ወሰደንም። ያ ስፍራ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት፥ ብዙ ሕዝብ እርጥብ ሣር ይዞ ፈጣሪውን የሚያመሰግንበት የሆራ አርሰዲ ዳርቻ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ በዓል ላይ በተነሣው ሁከትና መረጋገጥ ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበትም ነውና፥ እናቴ ቆመው ነፍስ ይማር አሉ።

ከዚያም እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ ይዘናቸው እስከ ውሃው ከንፈር ወረዱ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ወደ ፊት ተመለከቱ። «ይታይዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «አረንጓዴ ነገር ይታየኛል፤ ውሃው ይሁን ዛፉ አልለየሁትም» አሉኝ። ሐዘን ተሰማኝ። እርሳቸው ግን ጐንበስ ብለው በእጃቸው ጨለፉና ቀመሱት። ወዲያው ፊታቸው በራ። «እርሱ ነው! ጨውነቱ እንዳለ ነው። ዓይኔ ቢከዳኝ ምላሴ አልካደኝም» ብለው ሳቁ። ለልጆቼም ጥጆቹን በየት በኩል ያወርዱ እንደ ነበረ፥ አንዲት ቡራቡሬ ላም ካልጠገበች እንደማትመለስ ነገሯቸው። ያለቀሰው ልጄ እግሩን በውሃው ዳር ነክሮ፥ ድፎ ዳቦውን እየበላ ሰማ። ጋሪ ነጂውም ከዳቦው ተካፍሎ መረቃቸው።

ከቀትር በኋላ ወደ አዳማ ተነሣን። በመንገዱ ላይ ሞጆ አለች፤ በዚያ መንገዱ ይከፈልና አንደኛው ወደ ባቱና ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። በሞጆ ከጅቡቲ የመጣው ሸቀጥ የሚራገፍበት ደረቅ ወደብ ይገኛል። ትንሹ ልጄ የወደቡን ስም ሰምቶ፥ «አባባ፥ ወደብ ከሆነ ባሕሩ የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባሕሩ ጅቡቲ እንደ ሆነ፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርና የጭነት መኪናዎች ዕቃውን ከዚያ እንደሚያመጡት ነገርሁት። «እንግዲያማ ባሕሩ ሩቅ ነው» አለና አንቀላፋ።

ስለ አዳማ ከመሄዴ በፊት የነበረኝ አሳብ መልካም አልነበረም። ሐይቅ የላት፥ ሙቀቷና አቧራዋ የሚነገርላት፥ ተሳፋሪ ምሳ በልቶ የሚያልፍባት ከተማ አድርጌ እቈጥራት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ ናትናኤል ናዝሬትን ንቆ እንደ ተናገረና በኋላ እንዳፈረ ተምሬ ነበር፤ ያ ትምህርት በእኔ ላይ ደረሰ። የባለቤቴ አክስት በዚያ ይኖራሉ። ለማደሪያ ሆቴል እንደምንፈልግ ብነግራቸው፥ «እኔ በቁሜ? ምን በደልኋችሁ?» ብለው ተቈጡኝ። ለእናቴ አልጋቸውን ለቀቁላቸው። ማታ በማንጎው ዛፍ ሥር ቡና ተፈልቶ፥ ሁለቱ አሮጊቶች ያለፈውን ዘመን ሲጫወቱ አመሹ።

በማግሥቱ አዳማን ዞረን አየን። ስሟ በኦሮምኛ ከቁልቋል እንደ መጣ ይነገራል። ነፋሷም የሚጠላ ብቻ አይደለም፤ በአቅራቢያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ በመጀመሪያው ጣቢያ 34፥ በሁለተኛው 102 የነፋስ ማማዎች ቆመው፥ ነፋሱን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጣሉ። የሁለቱ ጣቢያዎች ኃይል በአንድነት 204 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ወደ ወንጂ ወረድን። በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ የሀገራችንን የመጀመሪያ ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ የከፈተው በዚያ ነው፤ አገዳውን የሚያጠጣውም የአዋሽ ወንዝ ነው። ይኸው አዋሽ ከፍ ብሎ በቆቃ ተገድቦ ኃይል ይሰጣል። ልጆቼ በመንገድ ዳር የተገዛላቸውን ሸንኮራ እየመጠጡ፥ በየቤታችን ሻይ የምናጣፍጥበት ስኳር ከምን እንደሚገኝ ዐወቁ።

ወደ ዊንጌት ስንመለስ በግራ ኪሴ የነበረው ገንዘብ አልተነካም ነበር። በመርካቶ በኩል ስናልፍ ደብተሩና ልብሱ ተገዛ።

ከዚህ መንገድ ያገኘሁት ምክር ይህ ነው። ቤተ ሰብን ለማዝናናት የሚነሣ አባወራ ወደሚሄድበት ስፍራ አስቀድሞ ደውሎ ዋጋውንና ደንቡን ይጠይቅ፤ በቀኝ ኪሱ ያለው ካልበቃው ግራውን አይዳብስ፤ ሚስቱ የምትለውንም ሳይቈጣ ያድምጥ። ባለ ሆቴሎች በገንዘባቸው ያለሙትን ማስከፈላቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሐይቅ ከተሞች ሹማምንት አጥር ሲፈቅዱ፥ ዳቦዋን የያዘች አሮጊት የምትወርድበትን መንገድ አብረው ቢያስከብሩ፥ የሕዝብ ምርቃት ያገኛሉ።

የእናቴ የዓይን ሕክምና ለጥቅምት ተቀጥሯል። በጠራ ዓይን ሆራን ለማየት ለጥር ተስማምተናል፤ ጋሪ ነጂውም እንዲጠብቀን በስልክ ተነግሮታል። ድፎውን ግን በዚያን ጊዜ ሁለት አድርገው እንደሚደፉ እናቴ ከወዲሁ አስታውቀዋል።