ጨው የማያድርበት ገላ

እኛ የአምበር ልጆች ጨውን አስቀድመን የምናውቀው በከብት ነው። ላሚቱ አሞሌውን እንደ ሞረድ በሻከረ ምላሷ ስትፍቀው ቆመን እናይ ነበር፤ አያቶቻችንም ያ አሞሌ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ሲመጣ እንደ ብር ይገበያዩበት እንደ ነበረ ይነግሩን ነበር። ጨው ከገላው የሚፈስበት ሰው ይኖራል ብለን ግን መቼ አስበን እናውቃለን?

በቅርቡ ስለ ኩላሊት ስንማር መምህሩ የአንድ በሽታ ስም ጠሩ፤ ስዩዶሃይፖአልዶስቴሮኒዝም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል የምትባል ዕጢ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች፤ ሆርሞኑም ኩላሊት ጨውን ወደ ደም እንዲመልስ፥ ፖታሲየምን እንዲያስወጣ ያዝዛል። በዚህ በሽታ የጎደለው ትእዛዙ አይደለም፤ ሆርሞኑማ ሞልቶ ተርፏል። የጎደለው ሰሚ ነው። ጨው በሽንት ይፈሳል፤ ውኃም ይከተለዋል፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል። ሕፃኑ ያስመልሰዋል፥ ይደርቃል፥ ክብደት አይጨምርም፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። ቺክና ፔሪ የተባሉ ሐኪሞች በ1958 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል።

በቀላሉ ዓይነት የሚታመመው ኩላሊት ብቻ ስለ ሆነ፥ ጨው እየተጨመረለት ልጁ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። በከባዱ ዓይነት ግን ላብም ጭምር ጨው ይዞ ይወጣል።

መምህሩ ይህን ሲሉ ሳቃችን ጠፋ። በሰፈራችን አንዲት እናት፥ «ልጄን ስስመው ጨው ጨው ይለኛል» ትል ነበር። «የራስሽ እንባ ነው» አሏት። ሕፃኑ በሁለት ወሩ ሞተ። ከዚያ ወዲያ «ወተቷ ክፉ ነው» ተባለ፤ እኛም ልጆች ሳለን በሰማነው ላይ ጨምረን አወራን።

የዚያ ሕፃን ሕመም ይህ ነበር ብለን አንፈርድም፤ ደሙ አልተመረመረም፥ ላብን ጨው የሚያበዛበት ሌላም በሽታ አለ። የእናት ወተት ግን በተፈጥሮው ጨው ያነሰበት ነው፤ ለጤነኛ ልጅ ይበቃል፥ ጨው ለሚፈስበት ልጅ ግን አይበቃም። ከባዱ ዓይነትም የሚመጣው የተበላሸው ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። አባትየውን ማንም ምንም አላለውም።

ለፋሲካ ዓባይን ተሻግረን አገር ቤት ስንገባ ቤቷ እንሄዳለን። ከመካከላችን አንዱ፥ «እትዬ፥ በወተትዎ አልነበረም» ብለን እንጀምር ይላል። ሌላው ደግሞ፥ መጀመሪያ ያወራነው እኛ መሆናችንን እንንገራት ይላል። ገና አልተስማማንም።