ስለ ትርጓሜና ስለ እኅቴ ፊት

ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲነግሩት መልስ ቢያጣ ተርጓሚ ያስፈልገዋል ይባላል እንጂ ደንቈሮ ነው አይባልም። ይህን ነገር ከአንድ አሮጌ የዲቪዲ ዴክ ተምሬዋለሁና ለአንባቢዎች ላጫውት።

እናቴ የምትኖረው በኮምቦልቻ ነው፤ የእኔ ሥራ ግን በደሴ ነው። በመካከላችን ሐረጎ አለ፤ መንገዱም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከደጋው ወደ ወይና ደጋው እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በእናቴ ቤት ያለው ቴሌቪዥንና ዴክ የተገዛው ታናሽ እኅቴ በቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ በላከችው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እናቴ በጥልፍ ልብስ ሸፍና ታኖረዋለች።

በ2008 ዓ.ም. ለፋሲካ እኅቴ ራሷን በስልክ ቀርጻ 10 ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ላከችልኝ። ከርሱም ጋራ፥ «ለእማዬ በቴሌቪዥን አሳይልኝ» የሚል ቃል ነበረ፤ የእናታችን ዓይን ስለ ደከመ በስልክ ላይ ያለውን ትንሽ ሥዕል መለየት አትችልምና። እኔም በደሴ ከአንድ የኢንተርኔት ቤት ፋይሉን አወረድሁ፤ እንዳለም በባዶ ዲስክ ገልብጬ ወደ ኮምቦልቻ ይዤው ሔድሁ። ዴኩ ግን ዲስኩን ጥቂት ካሽከረከረ በኋላ ማንበብ አልችልም የሚል ጽሑፍ አወጣ። በችኰላም፥ «ይህ ዕቃ አርጅቷል፤ ተጥሎ ሌላ ይገዛ» አልሁ። እናቴም፥ «ልጄ፥ የእኅትህን ላብ አትጣልብኝ፤ ትናንት ይሠራ ነበር» ብላ መለሰችልኝ፤ አፈርሁም።

በእውነትም ዕቃው አልተበላሸም ነበር። የዲቪዲ ዴክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጃፓን ለገበያ የወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ሲሆን፥ የዲቪዲ ሥዕል የሚጻፈው ኤምፔግ 2 በሚባለው ሥርዐት ነው። የእኅቴ ስልክ የጻፈው ግን ኤች 264 በሚባለው፥ በ2003 በወጣው ሥርዐት ነው። ይህ ኋለኛው ብዙውን ሥዕል በጥቂት ቦታ አጥፎ ያኖራል፤ ነገር ግን የእናቴ ዴክ አስተጣጠፉን ስለማያውቅ ሊፈታው አይችልም። ዲቪዲ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። በአገራችን ቴሌቪዥን ልክ ሲዘጋጅ በአንድ ሴኮንድ 25 ሥዕል ያልፋል፤ የያንዳንዱም ሥዕል ወርዱ 720 ነጥብ፥ ቁመቱ 576 ነጥብ ነው። የሱቅ ሰዎች «ኮንቨርት ማድረግ» የሚሉት ፋይሉን ከአዲሱ ሥርዐት ፈትቶ በቀድሞው ሥርዐት እንደ ገና መጻፍን ነው። ግእዝ ለማያውቅ ሰው ንባቡን በአማርኛ አንድምታ የሚያሰማ መምህር ሥራም ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ፋይሉን በደሴ ለአንድ ቪዲዮ ቤት ሰጥቼ ዲስኩን በማግስቱ ተቀበልሁ፤ ዴኩም ያለ ችግር አነበበው። እኅቴ በቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ባለች ጊዜ እናቴ እልል አለች። «ልጄ ወፍራለች! ጉንጯ ሞልቷል፤ እንግዲህ ደልቷታል» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች። በዚያ ሰሞን እኅቴ ወደ አገሬ ልመለስን? እያለች ትጠይቅ ነበር። እናቴም ያን ፊት አይታ፥ «እንዲህ ከተመቻት አንድ ዓመት ትጨምር» ብላ ፈረደች።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከእኅቴ ኋላ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት እንደ ተጋደመ እንቍላል ሆኖ ይታይ ነበር። ወደ ደሴ ተመልሼ በችኰላ ያለፍሁትን የስልኩን ፋይል ደኅና አድርጌ ብመለከት ሰዓቱ ክብ ነው፤ የእኅቴም ፊት የከሳ ነው። የስሕተቱ ምክንያት ይህ ነበረ። ስልኩ የቀረጸው 4 በ3 በሆነ ልክ ሲሆን፥ ያስተረጐምሁት ዲስክ 16 በ9 የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ዴኩም ምልክቱን አምኖ፥ ከላይና ከታች ጥቁር ጠርዝ አድርጎ ሥዕሉን ጨፈለቀው። በዚህ ምክንያት የፊቷ ወርድ ከቁመቱ ጋራ ሲመዛዘን በሲሶ ሰፋ። እናቴ ያየችው ውፍረት የሥጋ ሳይሆን የቍጥር ስሕተት ነበረ።

ሦስት ቀን ዝም አልሁ። የእናቴን ደስታ ማፍረስ ከበደኝ። ደግሞም እኅቴ ከምትልከው ገንዘብ ለእኔ ልጆችም ይደርስ ነበርና ዝምታዬ ንጹሕ አልነበረም። በአራተኛው ቀን፥ ዲቪዲ ፍሊክ በሚባል በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም፥ ልኩን 4 በ3 አድርጌ ፋይሉን ራሴ እንደ ገና ለወጥሁት፤ በአዲስ ዲስክም ጽፌ ሐረጎን ወረድሁ።

እናቴ አዲሱን ዲስክ አንድ ቃል ሳትናገር እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበችና ጣቷን በእኅቴ ጉንጭ ላይ አሳርፋ፥ «ይቺ ናት ልጄ» አለች። ጥቂት ቆይታም፥ «ደውልላት፤ ትምጣ በላት» አለችኝ።

እኅቴ በተከታዩ ዓመት መጣች። ዛሬ ብዙ ቴሌቪዥኖች ፍላሽ ተቀብለው አዲሱን ፋይል በራሳቸው ስለሚያነቡ፥ ሥዕል ለውጦ በዲስክ የሚያስጽፍ ሰው እያነሰ ሔዷል። እኔ ግን ሁለቱን ዲስኮች ከስልኩ ፋይል ጋራ አኑሬአለሁ፤ ትርጓሜ የሚመረመረው ከንባቡ ጋራ ነውና ንባቡ መጥፋት የለበትም። አንባቢም ከሩቅ ዘመዱ የመጣለትን ሥዕል ለሽማግሌ ወላጆቹ ባስለወጠ ጊዜ፥ ከመስጠቱ አስቀድሞ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ክብ ነገር ክብ መሆኑን ይመልከት።