ዓመቷ የጠፋባት መዳብ

ኧረ የመዳብ ሳንቲም ሽታ! ከመዳፍ ላብ ጋር ተዋሕዶ ቀኑን ሙሉ ከእጅ የማይለቅ ሽታ! አምስት ሳንቲም ጨብጦ ወደ ሱቅ የሚሮጥ ልጅ ሰፈሩን የገዛ ያህል ደረቱን ይነፋ ነበር። አሥር የያዘማ አንድ ስኒ ቆሎ አሰፍሮ፣ ከረሜላ አስመርቆ፣ ለጓደኛም ይተርፋል። ስሙኒ የበዓል ናት፤ ከአጎት ወይም ከክርስትና አባት እጅ ነው የምትገኘው። ሽልንግ ግን ብር ስለሆነች ከትልልቅ ሰዎች ኪስ አትወጣም።

የስሙኒዋ ጠርዝማ እንደ አበባ የተከረከመ ነበር! ዙሪያውን በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ጨለማ ውስጥም ቢሆን፣ አውቃት ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስሙኒዎች ድፍን ክብ ነበሩ፤ መጠናቸው ከሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ ብር እየተቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ይሰጡ ነበር። ጠርዛቸው ሲከረከም ያ ብልጠት አበቃ። እኔ ለጌጥ የተሠራ ይመስለኝ የነበረው ነገር የገበያ ዘበኛ ኖሯል!

ዛሬ የልጅ ልጄ ድንቡሎ ሳትይዝ ትወጣለች። ታክሲውም፣ ዳቦውም፣ ቡናውም በስልኳ ይከፈላል፤ ቴሌብር «ደርሷል» ሲል ሻጭና ገዢ ይለያያሉ። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው! ግን ባለፈው ገና የእናቴን የአዝራር ጣሳ ስንገለብጥ አንዲት ጠቆር ያለች መዳብ ስትንከባለል፣ ልጅቷ ስልኳን ጥላ ተንበረከከች። «አባባ! ይቺ የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?»

ዓመቷ የለም። ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ ተልጎ ልሙጥ ሆኗል። የብዙ ሰው እጅ፣ የብዙ ሰው መቀነት ያለፈባት መዳብ ናት።

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ወደ መስኮቱ ሮጥን። ልጅቷ የስልኳን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋ አበራች። ከላይ ሲበራ ልሙጥ የነበረው ፊት ከጎን ሲበራ ጥላ አወጣ፤ ጉንጭ፣ ጢም፣ ከዚያም ዘውድ! «ዘውድ ደፍቷል!» ብዬ ስጮህ ከወጥ ቤት ሰው መጣ።

ዘውዱ ትልቅ ነገር ነው። በልጅነቴ ኪሴ ውስጥ የነበሩት መዳቦች ሁሉ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራስ ገላጣ ነው፤ ዘውድ የለም። እነሱ ላይ ያለው ዓመት ደግሞ ሁሌም ፲፱፻፴፮ ነው። በ1950ዎቹ የተቀረጸውም፣ ከዚያ በኋላ የተቀረጸውም ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ዓመቱ ቁልጭ ብሎ የሚነበብ ሳንቲም እንኳ የተወለደበትን ቀን አይነግርም። ማርያ ትሬዛ ብርም እንዲሁ ናት፤ ንግሥቲቱ በ1780 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዐረፈች፣ ብሯ ግን ከዚያ ወዲህም 1780ን እንደያዘች ስትመታ ኖረች። የአክሱም ነገሥታትማ በመዳባቸው ላይ ዓመት አልጻፉም፤ የሚለዩት በንጉሡ ስምና መልክ፣ ከኢዛና ክርስትና በፊት በጨረቃው፣ በኋላ በመስቀሉ ነው።

ወደ እኛዋ ልመለስ። ዘውድ ካለ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ፤ ወይ ዳግማዊ ምኒልክ፣ መዳባቸው 1889 የሚለው፣ ወይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና በነገሡበት ጊዜ። ስሙ ካልተነበበ አይለይም።

ያን ጊዜ ደብተር አስመጣሁ። እኛ ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲዞር ሳንቲሙን ከወረቀት ሥር አድርገን እርሳስ በጎኑ እናሻሽበት ነበር፤ አንበሳው ብቅ ሲል የምናፍነው ሳቅ! ለልጅቷ እርሳሱን ሰጠኋት። ቀስ፣ ቀለል አድርጋ አሻሸች። ዓይን ያላየውን ወረቀቱ አየው፤ በጠርዙ በኩል ሁለት ፊደል ወጣ፤ «ላ» እና «ሴ»።

ኃይለ ሥላሴ! ዘውድ የደፉ ኃይለ ሥላሴ በመዳብ ላይ ካሉ ዓመቱ አንድ ብቻ ነው፤ 1923። ያኔ የወጡት አንድ መቶኛና አምስት መቶኛ ከመዳብ፣ አሥሩ፣ ሃያ አምስቱና ሃምሳው ከኒኬል ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን ንግሥ የተደረገበት፣ በሐምሌ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣበት ዓመት! ያ ዓመት በአዝራሮች መካከል ተኝቶ ኖሯል! ልጅቷ ዘለለች፤ እኔም ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ዘለልኩ።

ደርግ በ1969 አዲሶቹን ሳንቲሞች ሲያወጣ መዳቦቹ ከገበያ ጠፉ፤ ከቤት ግን አልጠፉም። በየጣሳው፣ በየመሳቢያው፣ በየሣጥኑ ሥር አሉ። እባካችሁ ፈልጓቸው። በሎሚና በአመድ አትፈትጓቸው፤ የቀረውን ፊደል የሚያጠፋው እሱ ነው። «ቁራሌው!» የሚል ሲመጣ ከብረት ጋር በኪሎ አትስጧቸው። ወደ መስኮት አውጧቸው፣ ከጎን አብሩባቸው፣ እርሳሱን ለልጅ ስጡት። መልኳ አልለይ ያለች ካለች ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄዳችሁ እዚያ ካሉት የድሮ ገንዘቦች ጋር አስተያዩዋት።