የወጋየሁ ድምፅ

ልጅዎ «ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ» ቢልዎ ምን ይሉታል? እኔ በበኩሌ ተቆጣሁ። የፓስተር ልጅ እንዴት ማስመሰልን ሙያ ያደርጋል ብዬ።

ባለቤቴ ዝም አለ። በማግስቱ ማታ ግን ጂንካ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ከስልኩ ላይ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ከፈተ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ነው። ተራኪው አንድ ሰው ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ግን ሌላ ነው፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሌላ፣ ሰብለ ወንጌል ስታዝን ደግሞ ሌላ። ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጆቼ ግን ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡታል። ባለቤቴ የአሪ ልጅ ነው፤ አማርኛ የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ጎጃምን ሳይረግጥ የጎጃምን ባላባት ያወቀው በዚህ ድምፅ መሆኑን ያን ማታ ነገረኝ።

በወንጌል «ግብዝ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል የመድረክ ተዋናይ ማለትም እንደሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬያለሁ። ልጄን የተቆጣሁትም ይህንኑ ይዤ ነበር። ወጋየሁ ግን ማንንም አላታለለም፤ ሰሚው ሁሉ ትረካ መሆኑን ያውቃል። እኔ ግን (ጌታ ይቅር ይበለኝ) ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን በወጣንበት እሁድ፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ምዕመናንን በፈገግታ ስቀበል ማን ያውቅብኛል?

ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። ለትንሣኤ ወጣቶቹ በሚያቀርቡት ድራማ ጴጥሮስን ሊሠራ ነው። ክህደቱን ሲለማመድ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሳግ ተናነቀው፤ እኔም ሽንኩርት መክተፌን ተውኩ።